ጅብ ከሄደ ውሻ እንዳይጮህ፦ የሱቅ ስርቆት የሚያደርሰው ጉዳትና መከላከያው

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የክረምት ሌሊት ጨለማው ከባድ ነው። ጭጋጉ ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ ከተማውን ይሸፍናል፤ ዝናቡ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች እንኳን መደማመጥ ያቅታቸዋል። በዚህ ላይ መብራት ሲጠፋ የገበያው መደዳ ከዓይንም ከጆሮም ይሰወራል። ሱቅ ሰባሪ የሚመርጠው እንዲህ ያለውን ሌሊት ነው። ሲነጋ ባለሱቁ ለመክፈት ሲመጣ መደርደሪያው ተራቁቶ ይጠብቀዋል። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ፖሊስ ይጠራል፤ «ማን ሊሆን ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ስርቆት ከተፈጸመ በኋላ የሚደረገው ሩጫ አስፈላጊ ቢሆንም የጠፋውን የሚመልሰው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ይልቁንም ብዙው ሥራ ጅቡ ከመምጣቱ አስቀድሞ የሚሠራ ነው። ይህም ሥራ ወፍራም ጓጉንቸር ከመግዛት ይሰፋል። ገንዘብን ከሱቅ ማራቅ፣ ዕቃን መዝግቦ መያዝ፣ ከጎረቤት ጋር መጠባበቅና የተሰረቀ ዕቃ ገዢ እንዳያገኝ ማድረግ ከጓጉንቸሩ ያላነሰ፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ ዋጋ አላቸው።

ኪሳራው ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ያልፋል

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ መቀመጫና የአካባቢው የንግድ መናኸሪያ ናት። ከደሴ በስተምዕራብ ርቃ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያመራው መንገድ ላይ ስለምትገኝ፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ልብሱና የቤት ክዳን ቆርቆሮው ረጅም ዳገትና ቁልቁለት አቋርጦ ይደርሳታል። በአንጻሩ ጤፉ፣ ስንዴው፣ ገብሱ፣ ባቄላውና በጉ ከገጠር ቀበሌዎች ወደ ገበያዋ ይወጣል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በከተማዋ መከፈቱም የምግብ ቤቱን፣ የጽሕፈት መሣሪያውንና የስልክ ዕቃውን ንግድ አነቃቅቷል።

ይህ ንግድ የቆመው በገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በመተማመን ጭምር ነው። የደሴው ጅምላ አከፋፋይ ለመካነ ሰላሙ ባለሱቅ ዕቃ በዱቤ ይሰጣል። ባለሱቁ ደግሞ «ምርት ሲደርስ እከፍላለሁ» ለሚለው ገበሬ ዘይትና ስኳር በዱቤ ይሰጣል። የእህል ነጋዴውም ጤፉን ተረክቦ ገንዘቡን በሳምንት የሚከፍልበት ጊዜ አለ። እንግዲህ አንድ ሱቅ በአንድ ሌሊት ሲራቆት የሚበጠሰው ይህ ሰንሰለት ነው። ባለሱቁ ለአከፋፋዩ መክፈል ያቅተዋል፤ አከፋፋዩ ቀጣዩን ዕቃ «በእጅ በእጅ ካልሆነ» ይላል፤ ባለሱቁም በተራው ለገበሬው ዱቤ ይዘጋል። እህሉ የተሰረቀበት ነጋዴ ከሆነ፣ ጤፉን አስረክቦ ገንዘቡን የሚጠብቀው ገበሬ የኪሳራው ተካፋይ ይሆናል።

የጉዳቱን ክብደት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በ100 ብር ከሚሸጠው ዕቃ 10 ብር የሚያተርፍ ባለሱቅ እናስብ። በአንድ ሌሊት በ45 ሺህ ብር የገዛው ዕቃ ቢሰረቅበት፣ የጠፋውን ለመተካት ብቻ የ450 ሺህ ብር ዕቃ መሸጥ ይኖርበታል። በቀን የ3 ሺህ ብር ሽያጭ ቢኖረው ይህ የ150 ቀን፣ ማለትም የአምስት ወር ሥራ ነው። በእነዚህ አምስት ወራት የሱቅ ኪራዩ፣ ግብሩ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የቤቱ ቀለብ አይቆሙም። ስለዚህ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ከስርቆት በኋላ የሚዘጉት የተሰረቀው ዕቃ እጅግ ብዙ ስለሆነ ሳይሆን፣ ትርፋቸው ቀጭን ስለሆነ ነው። በቁጠባና ብድር ተቋም ብድር ሥራ የጀመረች እናት ወይም በማኅበር የተደራጀ ወጣት ከሆነ ደግሞ ዕቃው ሄዶ ዕዳው ይቀራል።

በገንዘብ የማይቆጠር ጉዳትም አለ። ባለሱቁ ሌሊቱን በሱቁ ውስጥ ማደር ይጀምራል፤ እንቅልፉም ጤናውም ይታወካል። ተቀጣሪው ይጠረጠራል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ ያያል። ማስረጃ የሌለው ጥርጣሬ ዘመድን ከዘመድ፣ ቀበሌን ከቀበሌ ሊያቃቅር ይችላል። ሌባው ዕቃ ይዞ ሲሄድ ሰላምንም ይዞ ይሄዳል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌባው ምን አይቶ ይመርጣል?

ሱቅ ሰብሮ መግባት ብዙ ጊዜ በድንገት የሚደረግ ሥራ አይደለም። የሚሰብረው ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፦ ከውስጥ ምን አገኛለሁ? በየት በኩል እገባለሁ? ያገኘሁትን ለማን እሸጣለሁ? ከሦስቱ አንዱን እንኳን ያከበደበት ባለሱቅ ሌባውን ወደ ኋላ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብዙውን ጊዜ ከሱቁ ከራሱ ይወጣል። የገበያ ዕለት ማታ የዋለውን ገንዘብ በሰው ፊት የሚቆጥር ነጋዴ፣ «ነገ ለደሴ የምልከው ብር አለኝ» ብሎ በሻይ ቤት የሚያወራ ሰው፣ የዕቁብ ዕጣ እንደደረሰው ያስታወቀ ባለሱቅ ሳያውቁት መረጃ እየሰጡ ነው። በታኅሣሥና በጥር፣ ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት፣ የእህል ነጋዴ እጅ ብር፣ መጋዘኑ ደግሞ እህል እንዳለው ሁሉም ያውቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ የቤቱን አሠራር ይመለከታል። በአካባቢያችን ከተሞች ብዙ ሱቆች ከባሕር ዛፍና ከጭቃ የተሠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። ባለቤቱ የፊት ለፊቱን በር በላሜራ አስበይዶ ሁለት ጓጉንቸር ያንጠለጥልበታል፤ የኋላው ግድግዳ ግን በዲጂኖ ጥቂት ቢመታ የሚፈርስ ጭቃ ነው። ጣራውም ምስማሩ ተነቅሎ ቆርቆሮው ቢገለበጥ ሰው ያስገባል። ጎን ለጎን በተሠሩ ሱቆች ደግሞ ባዶ ወይም ደካማ ከሆነው ክፍል ገብቶ የጋራውን ግድግዳ በመብሳት ወደ ሞላው ሱቅ መሻገር ይቻላል። ሌባ የሚገባው ጠንካራ በሆነው በኩል ሳይሆን በደከመው በኩል ነው።

ጊዜውንም ይመርጣል። ከባድ ዝናብ የሚወርድበት ሌሊት የቆርቆሮውን ድምፅ ይውጥለታል። በጥምቀት ሕዝቡ ታቦታቱን ተከትሎ ሲወጣ፣ በዒድና በመውሊድ ቤተሰብ ሲጠያየቅ፣ ባለሱቁ ለለቅሶ ወደ ገጠር ሲወርድ ሱቁ ዓይን ያጣል። ጸጥታ በደፈረሰበት ወቅትም የሰዎች እንቅስቃሴ ስለሚገታ ጨለማው ይረዝማል።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማለትም የገዢው ጉዳይ፣ ከሁሉ በላይ ይረሳል። ስልክ የሚሰርቅ ስልክ ለመብላት አይደለም፤ ስኳር በኩንታል የሚያወጣም ለቤቱ አይጠቀምበትም። «ያለ ደረሰኝ በርካሽ» የሚገዛ ሰው ባይኖር ኖሮ አብዛኛው የሱቅ ስርቆት ትርፍ አልባ ድካም በሆነ ነበር።

አንዴ የተሰበረ ለምን ዳግመኛ ይሰበራል?

በሌላው ዓለም የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ያረጋገጡት አንድ እውነት አለ፦ አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት በቀጣዮቹ ሳምንታት ዳግመኛ የመሰረቅ ዕድሉ ካልተሰረቀው ይበልጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሌባው መግቢያውን ያውቀዋል፤ የተሰበረው በር በጊዜያዊ ሽቦ ብቻ ታስሮ ይቆያል፤ ባለቤቱም የጠፋውን በአዲስ ዕቃ ይተካዋል።

በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች ከተማ፣ ኪርክሆልት በሚባል የመኖሪያ መንደር፣ በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተካሄደው ሥራ በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። በመንደሩ ብዙ ቤቶች ሳንቲም እየተጨመረበት የሚሠራ የጋዝና የመብራት ቆጣሪ ነበራቸው። የቆጣሪው ሣጥን ሁልጊዜ ሳንቲም ስለሚኖረው የሌባ ማግኔት ሆኖ ነበር። የፕሮጀክቱ ሰዎች የመንደሩን ሁሉ በር ለማጠንከር አልሞከሩም። የተሰረቁትን ቤቶች ወዲያው ጠገኑ፤ የሳንቲም ቆጣሪዎቹን አስነሡ፤ ከተሰረቀው ቤት ዙሪያ ያሉ ጥቂት ጎረቤቶችም ያን ቤት በዓይናቸው እንዲጠብቁ ተስማሙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቤት ስርቆቱ ወደ ሩብ ገደማ ወረደ።

የእኛ ከተሞች ሁኔታ ከእንግሊዙ መንደር ቢለይም ትምህርቱ ያው ነው። በሱቅ መሳቢያ ውስጥ የሚያድር ብር የእኛ የሳንቲም ቆጣሪ ነው። ከስርቆት በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሳምንትም ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ጊዜ ነው።

አባቶቻችን በጋራ ይጠይቁ ነበር

ስርቆትን የጋራ ጉዳይ ማድረግ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ዘመናዊ ፖሊስና ፍርድ ቤት ከመስፋፋቱ በፊት በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ «አፈርሳታ» ወይም «አውጫጭኝ» የሚባል የምርመራ ሥርዓት ነበር። ሌባው ያልታወቀ ስርቆት ሲፈጸም የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ያየና የሰማ ሰው በምስጢር ይናገራል፤ ተናጋሪው እንዳይታወቅም ቃሉ «ወፍ ነገረችን» ተብሎ ይቀርብ ነበር። ሌባው ካልተገኘ ነዋሪው በጋራ አዋጥቶ ለተሰረቀው ይከፍላል። ከዚህ ሌላ «ሌባሻይ» የሚባል ልማድም ነበር፤ የሚያደነዝዝ መጠጥ የተሰጠው ልጅ እየተመራ ይሄድና የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ይህ ኋላቀርና ብዙ ንጹሓንን የጎዳ ልማድ በመሆኑ በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል።

አፈርሳታም ቢሆን ያለ እንከን አልነበረም። ሰው ከእርሻው ተነጥሎ ቀናት ይውላል፤ ቂም ያለው በስም ማጥፋት ይበቀላል፤ ያልሰረቀም ይከፍላል። ነገር ግን በውስጡ አንድ ጥበብ ነበረው። ስርቆቱ የሁሉም ኪሳራ ስለሚሆን ሁሉም አስቀድሞ ይጠብቃል፤ እንግዳ ዕቃ ሲያይም ዝም አይልም። ዛሬ የሚያስፈልገው የአፈርሳታው ቅጣት ሳይሆን ያ የጋራ ንቃት ነው። እድሩ፣ ዕቁቡና የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አደረጃጀት ለዚህ የሚያገለግሉ፣ በእጃችን ያሉ መሣሪያዎች ናቸው።

ባለሱቁ ከዛሬ ጀምሮ ምን ማድረግ ይችላል?

የመጀመሪያው ብርን ከሱቅ ማራቅ ነው። የቀኑን ሽያጭ ባንክ ከመዘጋቱ በፊት ማስገባት፣ ካልተቻለም በተለያየ ሰዓትና በተለያየ መንገድ ከሱቅ ማውጣት ያሻል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ክፍያን በስልክ ለመቀበል ያስችላሉ፤ ቴሌብር ኢንተርኔት በሌለበትም በ*127# ይሠራል። ኔትወርክ በሚቋረጥበት ጊዜ ጥሬ ገንዘብ እንደገና በሱቅ መከማቸቱ አይቀርም፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ወቅት ወደ ባንክ የመመላለሱን ልማድ ማጠንከር ይገባል። ማታ ሲዘጋ ባዶውን መሳቢያ ከፍቶ መተው ደግሞ ለሌባው «እዚህ ብር የለም» የሚል መልእክት ነው።

ሁለተኛው ቤቱን በሌባ ዓይን መዞር ነው። ባለሱቁ ሱቁን ቆልፎ በውጭ በኩል ይዙርና «ቁልፉ ቢጠፋብኝ በየት በኩል እገባ ነበር?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ የሚጠገነው ቦታ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ የታችኛውን ክፍል በድንጋይና በሲሚንቶ ማጠንከር ይጠቅማል። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ከኮርኒሱ በላይ የተበየደ ፌሮ ፍርግርግ መዘርጋት ይቻላል። የበሩ ማጠፊያ ወደ ውጭ ከሆነ ብሎኑ እንዳይፈታ ማስበየድ፣ ጓጉንቸሩም በመቁረጫ እንዳይያዝ በብረት መሸፈን ያሻል። ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ቁልፍ ሲጠፋ ቁልፉን ወዲያው መለወጥ እንጂ «ምን ይመጣል» ብሎ መተው አይገባም። ከሱቁ ጀርባ የተከመረ እንጨት፣ በግድግዳው ላይ የተደገፈ መሰላልና በጣራው ላይ የዘነበለ የዛፍ ቅርንጫፍ የሌባ ደረጃዎች ናቸው።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ መብራት መስመር ኤሌክትሪክ ቢጠፋም ያገለግላል። ካሜራ የሚያስገጥም ነጋዴ ደግሞ ሁለት ነገር ያስታውስ፦ ካሜራው የሰውን ፊት በሚያሳይ ከፍታ መተከል አለበት፤ ቀራጩም ሣጥን ከሌላው ዕቃ ጋር አብሮ እንዳይሰረቅ በተሰወረ ቦታ መቀመጥ አለበት።

አራተኛው መዝገብ ነው። ብዙ ነጋዴ የተሰረቀበትን ሲጠየቅ «ብዙ ነው» ከማለት በቀር ዝርዝር ማቅረብ ያቅተዋል። ዝርዝር ከሌለ ፖሊስ የተያዘው ዕቃ የማን እንደሆነ ማረጋገጥ አይችልም፤ ፍርድ ቤት ጉዳቱን መመዘን ይቸግረዋል፤ መድንም አይከፍልም። በደብተር ላይ የገባውንና የወጣውን ዕቃ መጻፍ፣ የግዢ ደረሰኞችን ከሱቅ ውጭ በቤት ማስቀመጥ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ መደርደሪያውን በስልክ ፎቶ ማንሣት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለስልክ፣ ለቴሌቪዥንና ለመሰል ዕቃዎች መለያ ቁጥራቸውን መመዝገብ ይገባል፤ የማንኛውም ስልክ መለያ ቁጥር *#06# ሲደወል ይታያል። የዱቤ መዝገብም እንዲሁ ቅጂ ያስፈልገዋል። ደብተሩ ከተሰረቀ ዱቤውም አብሮ ይጠፋልና።

አምስተኛው በጋራ መጠበቅ ነው። አንድ ባለሱቅ ብቻውን ጥበቃ መቅጠር ይከብደዋል፤ የመደዳው ሃያ ባለሱቆች ግን በጋራ አዋጥተው ሁለት ጥበቃ ሊያቆሙ ይችላሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ። ጥበቃዎቹ የታወቁ፣ ዋስ ያላቸው፣ ደመወዛቸው በጊዜው የሚከፈልና በፖሊስ የተመዘገቡ ሊሆኑ ይገባል። የሌሊት እንቅስቃሴ በተገደበበት ጊዜ ደግሞ ጥበቃው ራሱ ለአደጋ እንዳይጋለጥ ከጸጥታ አካላት ጋር አስቀድሞ መግባባት ግድ ነው። ባለሱቁ ለለቅሶ ወይም ለበዓል ሲርቅ ለቀኝና ለግራ ጎረቤቱ ነግሮ፣ ስልኩን ትቶ ቢሄድ ሱቁ ዓይን አያጣም።

ለገጠሩ ነዋሪም የሚሆን

በገጠር ሱቅ ባይኖር ጎተራ አለ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን አለ፤ የመስኖ ፓምፕና የፀሐይ መብራት ሰሌዳ አለ። ምርጥ ዘርና የአፈር ማዳበሪያ በሚቀመጥበት ወቅት የመጋዘን ስርቆት ዘንድሮ ዕቃ የሚያሳጣ ብቻ ሳይሆን የከርሞውን ምርትም የሚቀንስ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ በሁለት ሰዎች እጅ ተከፍሎ አንዱ ያለ ሌላው እንዳይከፍት ማድረግ፣ የገባውንና የወጣውን ኩንታል በዕለቱ መጻፍና በየሳምንቱ በኮሚቴ ፊት መቁጠር ከውጭ የሚመጣውንም፣ ከውስጥ የሚያጎድለውንም ይገታል። ፓምፕን በሌሊት ከመስኩ አንሥቶ ቤት ማስገባት፣ በማይታይ ቦታው ላይም የባለቤቱን ስምና ቀበሌ በብረት መቅረጽ ያሻል። ስም የተቀረጸበትን ዕቃ የሚገዛ ያመነታልና።

እህሉን ለነጋዴ በዱቤ የሚያስረክብ ገበሬ ኪሎውን፣ ዋጋውንና ቀኑን የያዘ፣ የሁለቱም ፊርማ ያለበት ወረቀት ይያዝ። ነጋዴው ቢሰረቅ እንኳን የገበሬው ገንዘብ ዕዳ ሆኖ የሚቀጥል መሆኑን የሚያሳየው ይህ ወረቀት ነው።

ሱቁ ከተሰበረ

በሩ ተሰብሮ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ሌባው ውስጥ ሊኖር ይችላልና። ከዚያም ምንም ነገር ሳይነካና ሰው ሳያስገባ ለቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ያሳውቅ። በኀዘኔታ የሚሰበሰበው ጎረቤት የእግር ዱካውንና የጣት አሻራውን ሊያጠፋ ስለሚችል በውጭ እንዲቆም መለመን ነውር አይደለም። ፖሊስ አይቶ ከጨረሰ በኋላ ዝርዝሩን በጽሑፍ መስጠት፣ በሥራው ዓይነት ያሉ ሌሎች ነጋዴዎችን፣ የስልክ ጠጋኞችንና የአሽከርካሪዎች ተራ አስከባሪዎችን ፈጥኖ ማሳወቅ ይገባል። ዕቃው ከከተማ ለመውጣት መኪና፣ ገንዘብ ለመሆን ደግሞ ገዢ ይፈልጋል። በዚያው ቀን የተሰበረው ቦታ በጊዜያዊ ሽቦ ሳይሆን በቋሚነት ይጠገን፤ ለሳምንታትም ጥበቃው ይጠንክር።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ተራ ስርቆትን በአንቀጽ 665 ይደነግጋል፤ ቅጣቱም እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። ሁኔታው ከባድ ሲሆን ስርቆቱ በአንቀጽ 669 መሠረት ከባድ ስርቆት ተብሎ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል።

ለገበያተኛው ሁሉ መታወቅ ያለበት ግን አንቀጽ 682 ነው። የወንጀል ፍሬ የሆነን ዕቃ መግዛት፣ መቀበል፣ መደበቅ ወይም እንዲሸጥ መርዳት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። «እኔ አልሰረቅሁም፤ ገዛሁ እንጂ» የሚለው መልስ ሁልጊዜ አያድንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የተሰረቀበት ባለቤት ዕቃውን ከእጁ ካገኘበት ሰው የማስመለስ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ዋጋው ያለ ምክንያት የረከሰ፣ ደረሰኝ የሌለው፣ ሻጩ የማይታወቅ ዕቃ የገዛ ሰው ገንዘቡንም ነፃነቱንም ሊያጣ ይችላል።

በሌላ በኩል ንብረትን መጠበቅ ያለ ልክ አይደለም። በአጥር ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ መዘርጋት የጎረቤትን ሕፃን ሊገድል ይችላል። የተያዘን ተጠርጣሪ መደብደብም የተሰረቀውን ሰው ወደ ተከሳሽነት ይለውጠዋል። ሕጉ ራስን መከላከል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ሊሆን ይገባዋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ማንም ተከሳሽ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ እንደሆነ ይደነግጋል። የያዙትን ሳይጎዱ ለፖሊስ ማስረከብ ለባለ ንብረቱም፣ ለፍትሕም የሚበጀው ነው።

መድን የሚያድነውና የማያድነው

በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ መድን ድርጅትና የግል መድን ኩባንያዎች ለንግድ ቤቶች የስርቆት መድን ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ውል ከመፈረም በፊት ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው መድን በተለምዶ የሚከፍለው ለመሰበሩ ምልክት ሲኖር ነው፤ በተከፈተ በር ወይም በሠራተኛ እጅ የጠፋውን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። ሁለተኛ፣ ዕቃውን ከዋጋው በታች አስመዝግቦ ሙሉ ካሣ መጠበቅ አይቻልም። የ400 ሺህ ብር ዕቃ ያለው ነጋዴ በ200 ሺህ ብር ብቻ ዋስትና ቢገባና የ100 ሺህ ብር ዕቃ ቢሰረቅበት፣ ኩባንያው የግማሹን ያህል፣ 50 ሺህ ብር ሊከፍለው ይችላል። ሦስተኛ፣ ተራ የስርቆት መድን ጦርነትና ሁከት የሚያስከትሉትን ዘረፋ አይሸፍንም።

የመጨረሻው ነጥብ በደቡብ ወሎ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሳቢያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ ሱቆች፣ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል። የጅምላ ንግዱ ማዕከል ሲራቆት ከእርሱ ዕቃ የሚወስዱት የምዕራቡ ወረዳዎች ገበያዎችም መጎዳታቸው አይቀሬ ነበር። እንዲህ ላለው አደጋ የፖለቲካ ሁከትና ሽብር መድን የሚባል የተለየ ሽፋን አለ፤ አቅሙ ያለው ነጋዴ ስለ እርሱ መጠየቅ ይገባዋል። ለማንኛውም ኪሳራ ግን፣ መድን ቢኖርም ባይኖርም፣ ሰው ምን እንደነበረው የሚመሰክርለት ያስቀመጠው መዝገብ ነው።

ከጓጉንቸሩ በላይ

ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ደብተር፣ የስልክ ፎቶ፣ ለጎረቤት የሚነገር አንድ ቃል፣ ባንክ ከመዘጋቱ በፊት የምትደረግ አጭር መንገድ፣ «ደረሰኙ የት አለ?» የምትል ጥያቄ ናቸው። ሁሉም ግን ከአንድ ሰው ይልቅ በብዙ ሰው እጅ ሲሆኑ ይጠነክራሉ።

የመካነ ሰላም ባለሱቅ በሰላም አድሮ ሱቁን ሲከፍት፣ ከወግዲም ሆነ ከለጋምቦ ጤፉን ጭኖ የመጣው ገበሬ ገዢ ያገኛል፤ ሲመለስም ዘይቱንና ሳሙናውን ይዞ ይገባል። ስለዚህ በክረምቱ ጨለማ የጎረቤቱን ጣራ ድምፅ ሰምቶ የሚነሣ፣ በገበያም የተጠራጠረውን ዕቃ አልገዛም የሚል ሰው የሚጠብቀው የሌላውን ሱቅ ብቻ አይደለም፤ የራሱንም ማዕድ ነው። ውሻው መጮህ ያለበት ጅቡ ከአጥሩ ሳይገባ ነው።